የአንድ ሰዓት ቅጂ በግማሽ ቀን፦ ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለሚገለብጡ የድሬና የሐረር ሰዎች

በድሬዳዋም በሐረርም ድምፅን ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ ሞልቷል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው የቃለ መጠይቅ ቅጂውን ይዞ ይመጣል። ድርጅቱ የቡድን ውይይት ይልካል። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አባታቸውን በስልክ የቀረጹ ልጆች ታሪኩ ተጽፎ እንዲቀመጥላቸው ይፈልጋሉ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁት «መቼ ይደርሳል?» ብለው ነው።

መልሱን በግልጽ ልንገራችሁ። ድምፁ ጥርት ያለ የ1 ሰዓት ቃለ መጠይቅ ለለመደ ሰው 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለጀማሪ 6 ወይም 8 ሰዓት ቢፈጅ አይገርምም። ብዙ ሰው እየተሻማ የሚያወራበት የቡድን ውይይት ደግሞ 10 ሰዓትም ሊበላ ይችላል።

ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው «ቶሎ ቶሎ መተየብ ልልመድ» ይላል። መልመዱ ይጠቅማል። ጊዜውን የሚበላው ግን ወደኋላ እየመለሱ መስማት ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ የሚሰማ ሰው ጣቱ ቢፈጥንም አይደርስም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ወደኋላ መመለስን ለመቀነስ የታሰቡ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሥራው የሚጀምረው ሲቀረጽ ነው

የምትቀርጹት እናንተ ካልሆናችሁ ይህን ክፍል ለሚቀርጸው ሰው ላኩለት። እዚህ የምትቆጥቡትን ጊዜ ሌላ የትም አታገኙትም።

የድሬ ቅጂ ትልቁ ጠላት ቬንትሌተር ነው። በዚያ ሙቀት አጥፉት ብሎ ሰው ማስጨነቅ አይቻልም። ችግሩ ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቁ። የሞተሩ እዝዝታ ወጥ ስለሆነ በኋላ በሶፍትዌር ይቀነሳል። ንፋሱ በቀጥታ ማይኩን ሲመታ የሚፈጥረው ጉርምርምታ ግን አይነሳም፤ ቃሉን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ቬንትሌተሩን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ ስልኩን ደግሞ ንፋስ በማይደርስበት በኩል አድርጉት።

ስልኩን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ። ስኒ በተቀመጠ ቁጥር፣ እጅ ባረፈ ቁጥር ድምፁ በእንጨቱ በኩል ይገባል። ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ ወይም ነጠላ አድርጉበት። ባለ ገመድ ኢርፎን ካላችሁ ከዚህም ይሻላል፤ ማይኩ ያለበትን ክፍል ተናጋሪው ኮሌታ ላይ አያይዙት። መጀመሪያ ለ1 ደቂቃ ቀርጻችሁ መልሳችሁ ስሙ፤ አንዳንድ ስልክ የኢርፎኑን ማይክ ትቶ የራሱን ይጠቀማል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግም አትርሱ። መሃል ላይ የሚገባ ጥሪ ቅጂውን ሊያቋርጠው ይችላል።

ሰዓቱንም ምረጡ። ከተቻለ ጠዋት ቅረጹ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው በርጫ ላይ ነው። ወሬው በምርቃና ይደምቃል፣ ነገር ግን ጉንጩ በጫት የተወጠረ ሰው ንግግሩ ይድበሰበሳል፤ የቃሉ መጨረሻ አፉ ውስጥ ይቀራል። ያን የሚፈታው ገልባጩ ነው።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ባዶ አዳራሽ ድምፅን ያስተጋባል። ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ቤት የመቅረጽ ዕድል ካገኛችሁ ግን አታሳልፉት። ወፍራሙ ግድግዳ የውጭውን ጫጫታ ያግዳል፣ ምንጣፉና ትራሱ ድምፁን ሰብሰብ ያደርገዋል። ሰዎቹም ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ መደብ) ላይ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ስለሚቀመጡ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ይቀላል።

የቡድን ውይይት ከሆነ ሁለት ነገር ጨምሩ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ተሳታፊ ቁጥሩን ተናግሮ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያውራ። ይህ በኋላ የድምፅ መታወቂያ ይሆናችኋል። ከዚያ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይቀመጥና የአቀማመጡን ንድፍ ይሥራ፤ ተናጋሪ በተቀየረ ቁጥር ቁጥሩንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ይጻፍ። ይህ ወረቀት ባለበትና በሌለበት ቅጂ መካከል ያለው ልዩነት የሰዓታት ነው።

ደረጃ 2፦ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚፈለግ ቀድማችሁ ተስማሙ

ሁለት ዓይነት ግልባጭ አለ። አንደኛው ቃል በቃል ነው፤ መንተባተቡ፣ መደጋገሙ፣ ዝምታው ሁሉ ይጻፋል። ሁለተኛው የጸዳ ነው፤ ሐሳቡና የተናጋሪው አነጋገር ሳይነካ መሙያዎቹ ይወጣሉ። እንበልና አንድ የለገሃሬ ሰው እንዲህ ቢል፦

«እኔ እንትን... እ... ለገሃሬ ነው የተወለድኩት። አይ፣ ማለት፣ ያደግኩት። አባቴ፣ ያው፣ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። አቦ ያን ጊዜ ድሬ... ያን ጊዜ ድሬ ሌላ ነበረች!»

ሲጸዳ እንዲህ ይሆናል፦

«እኔ ያደግኩት ለገሃሬ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። አቦ ያን ጊዜ ድሬ ሌላ ነበረች!»

«አቦ»ን ያላወጣሁት አውቄ ነው። ናፍቆቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። «ማለት»ና «ያው» ግን ቢወጡ ምንም አይጎድልም። «እንትን» ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አንዳንዴ ባዶ መሙያ ነው፣ አንዳንዴ ግን ሰውየው ያልመጣለትን ስም ይዞ ነው የሚቆመው። እንዲህ ሲሆን ተዉት።

የንግግር ጥናት ለሚሠራና ጽሑፉን ለማስረጃነት ለሚያቀርብ ሰው ቃል በቃል ያስፈልጋል። ለአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍና ለድርጅት ሪፖርት የጸዳው ይበቃል፤ የሚተየበውም ቃል ይቀንሳል። ሳትጠይቁ ከጀመራችሁ ግን ሥራውን ሁለት ጊዜ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ የስም ዝርዝር አዘጋጁ

ቅጂውን ከላከው ሰው የሰዎች፣ የቦታዎችና የመሥሪያ ቤቶች ስም ዝርዝር ተቀበሉ። ከሌለው ቅጂውን ለ5 ደቂቃ ያህል ሳትተይቡ ስሙትና የሚደጋገሙትን ራሳችሁ መዝግቡ። ጆሯችሁም በዚያው የተናጋሪውን ድምፅ ይለምዳል።

ከዚያ አጻጻፉን ወስኑ። ለገሃሬ ወይስ ለገሀሬ? ገንደ ቆሬ በሁለት ቃል ወይስ በአንድ? ከዚራ፣ መጋላ፣ ቀፊራ፣ ሳቢያን፣ ደቻቱ ሁሉም አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይኑራቸው። «ሰዓት»ና «ሰአት»፣ «ማኅበር»ና «ማህበር»ም እንደዚሁ። ኮምፒውተር ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ነው የሚያያቸው። ተማሪው በኋላ አንድ ቃል ፈልጎ ግማሹን ብቻ ቢያገኝ ጥናቱ ይጎዳል።

ደረጃ 4፦ መሣሪያውን አሰናዱ

በአንድ መስኮት ሙዚቃ ማጫወቻ ከፍቶ፣ በሌላ ወርድ ከፍቶ፣ በማውስ ወዲያና ወዲህ ማለት ቀን ሙሉ ይፈጃል። ማቆምም ማጫወትም እጅ ከኪቦርድ ሳይነሳ መሆን አለበት።

ለዚህ ኦትራንስክራይብ የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ጥሩ ነው። ድምፁና መጻፊያው አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ኤስኬፕ ያቆማል፣ ያስቀጥላል። ኤፍ 1 ትንሽ ወደኋላ ይመልሳል፣ ኤፍ 2 ወደፊት ይወስዳል። ኤፍ 3 ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ኤፍ 4 ይጨምራል። ኮንትሮልና ጄ አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ የደረሳችሁበትን ደቂቃ ይጽፍላችኋል። ላፕቶፕ ላይ የኤፍ ቁልፎቹ የስክሪን ብርሃን እየቀየሩ ካስቸገሩ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ አብራችሁ ያዙ።

የድምፅ ፋይሉ ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። ጽሑፉም ራሱ እየተቀመጠ ስለሚሄድ መብራት ቢሄድ አትደነግጡም። ነገር ግን የሚቀመጠው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ነው። አንድ ሰው የብራውዘሩን ዳታ ካጠፋ ጽሑፋችሁም አብሮ ይጠፋል። የጋራ ኮምፒውተር ወይም ኢንተርኔት ቤት የምትጠቀሙ ከሆነ ለዕረፍት በተነሳችሁ ቁጥር ጽሑፉን ወርድ ላይ ገልብጡና በፍላሽ ያዙት።

ፋይሉ አልከፍትም ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዓይነቱ ነው። አሮጌ ስልኮች የሚቀርጹትን ኤኤምአር የሚባል ፋይል ብራውዘር አያጫውተውም። ቪኤልሲ በሚባለው ነጻ ማጫወቻ ወደ ኤምፒ3 ቀይሩት።

ኢንተርኔት ለማይቆይላችሁ ኤክስፕረስ ስክራይብ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ወርድ ላይ እየጻፋችሁም ቁልፎቹ ይታዘዛሉ። ባቆማችሁ ቁጥር ጥቂት ሰከንድ ራሱ ወደኋላ እንዲመለስ ማስተካከልም ይቻላል። በእግር የሚረገጥ ፔዳልም ይቀበላል፣ ግን ይህ የዕለት እንጀራው ካልሆነ ሰው ፔዳል ፍለጋ ባይወጣ ይሻላል።

ስለ ኪቦርድ አንድ ነገር ብቻ፦ በዩኒኮድ፣ ማለትም የትኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል ሥርዓት ጻፉ። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምልክት በምልክት ይሆናል።

ድምፁ የሚረብሽ ከሆነ ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይረዳል። ማንም የማያወራበትን፣ ቬንትሌተሩ ብቻ የሚሰማበትን ጥቂት ሰከንድ ምረጡ። ኖይዝ ሪዳክሽን ውስጥ ገብታችሁ የጫጫታውን ናሙና አስወስዱት። ከዚያ ሙሉውን ቅጂ መርጣችሁ ተግብሩት። በልክ አድርጉት፤ ሲበዛ የሰውየው ድምፅ ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ ይሆንና ጭራሽ አይሰማም። እንደ ባጃጅ መጥቶ የሚያልፍ ጫጫታ ግን ወጥ ስላልሆነ በዚህ መንገድ አይጠፋም።

ደረጃ 5፦ ለረጃጅም ቃላት አጭር ኮድ ስጡ

በአማርኛ ኪቦርድ ሳድሱ በአንድ ምት ይወጣል፣ ሌላው ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ምት ይፈልጋል። ረጅም ቃል ሲደጋገም ይከብዳል። ብዙዎች ለዚህ አጭር ኮዱን ራሱ ወደ ሙሉ ቃል የሚቀይረውን የወርድን አውቶ ኮሬክት ይጠቀማሉ። ለእንግሊዝኛ ግሩም ነው። ለእኛ ግን አይመችም፤ ምክንያቱም ቃላችን ባዶውን አይመጣም። «በድሬዳዋ»፣ «ከድሬዳዋ»፣ «የድሬዳዋን» ነው የምንለው። ከፊቱ «በ» ወይም «የ» ከተለጠፈ አውቶ ኮሬክት ኮዱን አያውቀውም።

እኔ የምመክረው ኮዱን እንደተየባችሁት ትታችሁ መጨረሻ ላይ በፈልግና ተካ (ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ) በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። ኮዶቹን በ«ዥ» ጀምሩ፤ በ«ዥ» የሚጀምር ቃል ትንሽ ነው። ለምሳሌ፦

ዥድ = ድሬዳዋ
ዥቃ = ቃለ መጠይቅ
ዥብ = ማኅበረሰብ
ዥቡ = ማኅበረሰቡ

«በዥድ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ሲተካ «በድሬዳዋ» ይሆናል። «የዥድን» ደግሞ «የድሬዳዋን»። ለ«ማኅበረሰቡ» የተለየ ኮድ የሰጠሁት መጨረሻው ላይ ፊደሉ ስለሚለወጥ ነው። አንዱ ኮድ በሌላው ውስጥ እንዳይገኝም አስተውሉ።

ኮዱን ከቃሉ መነሻ ፊደላት ብቻ አትፍጠሩት። ለ«ቃለ መጠይቅ» «ቃመ» ብሎ የሰጠ ሰው እኛ ከተማ ምን እንደሚገጥመው አስቡት፤ ጫት የቃመ ሁሉ ቃለ መጠይቅ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ዙር፣ ሳትቆሙ

ፍጥነቱን ወደ 0.75 አካባቢ አውርዱት። ከ0.6 በታች አትሂዱ፤ ድምፁ እየተጎተተ ቃሉን ለመለየት ያስቸግራል። ዓላማው ድምፁና ጣታችሁ አብረው እንዲሄዱና የምታቆሙበት ጊዜ እንዲቀንስ ነው።

ግማሽ ዓረፍተ ነገር ስሙ፣ ጻፉ፣ ስትጽፉም ቀጣዩን ስሙ። መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል። ሲለመድ ግን እጅ ጆሮን ከጥቂት ቃላት ኋላ ሆኖ ይከተላል።

የፊደል ስህተት አታርሙ። አራት ነጥብ ረሳሁ ብላችሁ አትመለሱ። ተናጋሪውን በአንድ ፊደል ለዩት፤ ጠ ለጠያቂ፣ ተ ለተጠያቂ፣ በቡድን ከሆነ ተ1፣ ተ2 እያላችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ሕግ ይህ ነው፦ አንድን ቃል ቢበዛ ሦስት ጊዜ ስሙት። ካልተሰማ [?] አድርጉ፣ ደቂቃውን ጻፉ፣ እለፉ። ሰውየው ያንኑ ስም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጥርት አድርጎ ሊደግመው ይችላል። ባይደግመው እንኳ ሐሳቡን ስትጨርሱ ቃሉ ራሱ ይመጣላችኋል። የመሰላችሁን ገምታችሁ መጻፍ ግን ክልክል ነው። ያ ጽሑፍ የሌላ ሰው ንግግር ነው።

45 ደቂቃ ያህል ስትሠሩ ተነሱ። ጆሮ ሲደክም ቀላሉንም ቃል ደጋግሞ መስማት ይፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ቋንቋ ሲቀየር

የእኛ ከተማ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥልና በሶማልኛ ይጨርሳል። ሐረር ላይ ደግሞ ሐረሪኛው ይገባል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገልባጭ ሰዓቱን የሚያቃጥለው።

ቋንቋውን የምታውቁት ከሆነ የሰማችሁትን ጻፉ፤ እዚያው አትተርጉሙ። መገልበጥና መተርጎም ሁለት ሥራ ናቸው፤ ሲደባለቁ ሁለቱም ይዘገያሉ። ካላወቃችሁት [ኦሮምኛ፣ 14:20–15:05] ብላችሁ እለፉ። ሁሉንም ሰብስባችሁ ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር በአንድ ቁጭታ ጨርሱ። በየአሥር ደቂቃው ሰው እየጠሩ «እስቲ ይቺን ስማልኝ» ማለት እሱንም ያሰለቻል፣ እናንተንም ከሥራው ያወጣችኋል። ለዚያ ሰው ቅጂውን ከማሰማታችሁ በፊት ግን የቅጂው ባለቤት ይፍቀድ።

ዓመተ ምህረትና ሰዓት እንደተነገረ ይቀመጥ። አንድ ሰው «በ98ቱ ጎርፍ» ካለ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን የመታበትን 1998 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ 2006 ነው። ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛ የሚሄድ ከሆነ ጎኑ ላይ በቅንፍ [1998 ዓ.ም.] ብላችሁ ጻፉ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት»ም እንደዚሁ በራሳችን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅ።

ማሽን ቢገለብጠውስ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ያነሳዋል፣ ተገቢም ነው። ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ዊስፐር የሚባል ነጻ ሥርዓት አለ። የሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግን አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። አማርኛና ሶማልኛ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፣ ኦሮምኛ የለም። አማርኛውም ብዙ ይሳሳታል። ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ ዝም ባለበት ቦታ ማንም ያልተናገረውን ዓረፍተ ነገር ሊጽፍ መቻሉ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡ ሌሎችም አሉ። የትኛውንም በዝና አትመኑ። ከራሳችሁ ቅጂ 5 ደቂቃ ቆርጣችሁ ስጡትና ቁጠሩ። ከአምስት ቃል አንዱን የሚስት ከሆነ እሱን ከማረም ከባዶ መጻፍ ሊፈጥን ይችላል።

እኔ ለአማርኛ ይበልጥ የምወደው በራስ ድምፅ መልሶ መናገርን ነው። ጉግል ዶክስን በክሮም ክፈቱ። ቱልስ ውስጥ ቮይስ ታይፒንግን ምረጡ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጉ። ቅጂውን ስልክ ላይ በኢርፎን እየሰማችሁ፣ የሰማችሁትን ረጋ ባለና ጥርት ባለ ድምፅ ለኮምፒውተሩ ተናገሩ። ቅጂውን ከስልክ ማጫወት የግድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ሌላ ገጽ ከሄዳችሁ መጻፉን ያቆማል። አጉረምራሚውን፣ ጫጫታውንና ቬንትሌተሩን ጆሯችሁ ያጠራዋል፣ ማሽኑ የሚሰማው የእናንተን ንጹሕ ድምፅ ብቻ ይሆናል። አራት ነጥብ ግን አያስቀምጥም፤ በኋላ እናንተ ትጨምራላችሁ። ጣቱ ላልፈጠነ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሆኖም የምትናገሩት ሁሉ ወደ ጉግል እንደሚሄድ አስቡ። ተጠያቂው ስሙ እንዳይወጣ ቃል ከተገባለት ስሙን አትጥሩ፤ በኮድ ተናገሩት። ሙሉ ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ መጫን ደግሞ ከዚህ የባሰ ስለሆነ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ደረጃ 8፦ ማረምና ማስረከብ

ኮዶቹን ተክታችሁ ስትጨርሱ ቅጂውን በመደበኛ ፍጥነት፣ ወይም በ1.25፣ ጽሑፉን በዓይን እየተከተላችሁ ስሙት። የፊደል ስህተት የሚታረመው አሁን ነው። ከ[?]ዎቹም ብዙዎቹ በዚህ ዙር ይፈታሉ። ይህን ዙር ከተቻለ በማግስቱ ጠዋት አድርጉት፤ ያደረ ጆሮ ማታ ያልሰማውን ይሰማል።

የቀሩትን [?]ዎች ከነደቂቃቸው ዘርዝራችሁ አብራችሁ ላኩ። ቃለ መጠይቁን ያደረገው ሰው እዚያው ስለነበር በአንድ ጊዜ ሊመልሳቸው ይችላል። ከላይ የቅጂውን ኮድ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ርዝመቱን ጻፉ።

ዋናውን የድምፅ ፋይል እስኪረጋገጥ ድረስ አትንኩት። ከተረጋገጠ በኋላ ይጥፋ ተብሎ ከሆነ ከሁሉም ቦታ አጥፉት፤ ከኮምፒውተሩ፣ ከፍላሹ፣ በቴሌግራም ከተላከላችሁበትም። ቴሌግራም ላይ ያወረዳችሁት ፋይል ስልኩ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ሌላ ግልባጭ ሊተው ስለሚችል እዚያም ገብታችሁ እዩ።